ለታናሽ ሠርግ ፏፏቴ ፍለጋ

«ሸዋዬ ምን ችግር አለባት? ዝም ብላ ትከተለናለች።»

ይህን ያለችው ላሊሴ ናት፤ በስልክ፣ ድምጿን ቀንሳ፣ ከቺፑድ ግድግዳው ማዶ። ታላቅ እህቷ ሸዋነሽ ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ስታስር ቃል በቃል ሰማቻት። ግድግዳውን ያቆመው አባታቸው ኦቦ ደቻሳ ነው፤ ሁለቱ ሴት ልጆቹ የየራሳቸው ጓዳ ይኑራቸው ብሎ አንዱን ክፍል ለሁለት ከፈለው። ቺፑድ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከለክልም። ሸዋነሽ በዚያ ግድግዳ የሰማችው ጉድ ተነግሮ አያልቅም። የዛሬዋ ግን ሆዷ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ዝም ብላ ትከተለናለች! በግ ናት እንዴ? ማንስ ነው እሷን «ምን ችግር አለባት» ብሎ የፈረደባት? ማበጠሪያዋን አልጋው ላይ ወረወረችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። መቼስ ቃል ገብታለች፤ ሄዳ ትመርጥላቸዋለች።

የሚመረጠው ፏፏቴ ነው። ላሊሴና ሕዝቅያስ ኮብልለው ሊጋቡ ተማምለዋል። ሕዝቅያስ ከሆሳዕና የመጣ ልጅ ነው፤ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሽን ጥገና ይሠራል፣ ላሊሴም እዚያው ጨርቅ ትመረምራለች። ኅዳር ላይ እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሸዋነሽ ማድ ቤት ሻይ ስትቀዳ ሁሉንም ሰማች። ኦቦ ደቻሳ የልጁን ጴንጤነት አንስቷል፤ ግን ሁለተኛ አድርጎ ነው ያነሳው። መጀመሪያ ያለው «ታላቋ ተቀምጣ ታናሿ ከዚህ ደጅ አትወጣም» ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ታዲያ ኦቦ ደቻሳ፣ ታላቋስ እስከ መቼ?» አለው። በቅንነት ነው የጠየቀው፤ ቀን ቁረጥልን እንደማለት። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ሻዩን ይዛ ስትገባ ሦስቱም ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

እንግዲህ ወጉ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ተፈለገ። የሕዝቅያስ ጸሎት ቤት ጋብቻ ሲኖር ሦስት እሁድ በጉባኤ ፊት ያውጃል፤ ያ ከታወጀ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ ጆሮ መግባቱ አይቀርም። ፓስተር ብዙነህ አዘነላቸውና፣ ከአዳራሹ ውጭ ከሆነ እባርካችኋለሁ፣ ግን ከልጅቷ ቤት አንድ ሰው ይቁምልኝ፣ ጠልፋችሁ አመጣችኋት እንዳልባል አላቸው። አንድ ሰው ሲባል ያለችው ሸዋነሽ ናት። ላሊሴ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሸዋነሽም እሺ አለች። ሌላ ምን ትበል? እሺ እንዳለች ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ፣ ከቤት ውጭ ከሆነማ ፏፏቴ ሥር ይሁንልኝ ማለት ጀመረች። ለአንዳንዱ ሰው መከራውም ያምርበታል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሸዋነሽ ቀንታለች። ቅናቷ የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። እሷ ስትወለድ ሸዋነሽ ተባለች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ ታናሿ በአባቷ ቋንቋ ላሊሴ ተባለች፤ ስም ሳይቀር አዲሱ ለላሊሴ ደረሰ። እሷ ከስምንተኛ ክፍል አቁማ ከብት ስታግድ ወተት ስታዞር ላሊሴ ተማረች። ይሁን። ግን ሕዝቅያስን መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት። የጊቢያቸውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ሁለት ዓመት ኖሯል። ታይፎይድ ጥሎት አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ዘጠኝ ቀን አጥሚት እያፈላች በሩን ያንኳኳችው ሸዋነሽ ናት፤ ላሊሴ ፈተና ላይ ነበረች። ያኔ «አንቺ ሸዋዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላት ነበር። በዚያች «አንቺ» ብዙ ቀን ኖራለች። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት የውሃ ቧንቧው ጋ አገኛትና «እንደምን አደሩ እትዬ ሸዋዬ» አላት። አደሩ! በሠላሳ ሦስት ዓመቷ አንቱ ተባለች። ከላሊሴ ጋር ነገር እንዳለው ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ ማንም ሳይነግራት።

ቅዳሜ ነው፣ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ አዲስ አበባን እስከ ዙሪያው ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ረብሻ የበረታበት ሰሞን። ዓለም ገና መታጠፊያው ላይ ከድሩ የሚባል የሕዝቅያስ ጓደኛ አሮጌ ዲኤክስ መኪናውን አቁሞ ጠበቃቸው። ሸዋነሽን «ለታላቅ ክብር» ብለው ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧት፤ ሁለቱ ከኋላ ገቡ። ክብሩ ይቅርባት፤ ከፊት መስተዋቱ ውስጥ የሕዝቅያስ እጅ የላሊሴ ጉልበት ላይ ሲያርፍ እያየች መሄድ ሆነ። ከድሩ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። መንገድ ስለተዘጋ ሽንኩርት አሥራ ስምንት ብር ገባ፣ ለገጣፎ ላይ ካሬው እንዲህ ተሸጠ፣ ኮንዶሚኒየም የደረሳት እህቴ ቁልፍ እንኳ አላየችም እያለ ወደ ሸዋነሽ ዞረና፣ «ልጆች ስንት አሉሽ እህቴ?» አላት። «የሉኝም» አለች። «አይዞሽ፣ እግዜር ሲሰጥ ቤትሽ የት ነው አይልም» ብሎ ማርሽ ቀየረ። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ውጭ አየች። በአባቷ የሽምብራ ማሳ ዳር እያለፉ ነበር፤ ቀያሾች የተከሏት ጫፏ ቀይ የተቀባች ችካል እንደቆመች ናት። ኦቦ ደቻሳ ነቅሎ አይጥላት ነገር መንግሥት ነው፣ ዝም ብሎ አይተዋት ነገር መሬቱ ነው፤ በየቀኑ ሄዶ አጠገቧ ቆሞ ይመለሳል። በመሬቱ ማዘዝ ከተወ ወዲህ በቤቱ ሕግ ላይ ጨክኗል።

የመጀመሪያው ውሃ እዚያው ሰበታ ነው፣ ከወጨጫ ሥር የሚወርድ። ሕዝቅያስ ሥራ ሲገባ ከሩቅ አይቶት ወዶት ነበር። ቀርበው ሲያዩት ከላይ ካለ ፋብሪካ የሚለቀቀው ነገር ገብቶበት ውሃው እንጆሪ መስሏል፣ ከሥሩ አረፋው ተቆልሏል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሸዋነሽ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። «ቀሚስሽ ነጭ ሆኖ ገብቶ ቀይ ሆኖ ይወጣል» አላት ሕዝቅያስ። ላሊሴ እየሳቀች ትከሻውን መታችው። ሸዋነሽ ልብ ውስጥ ትንሽ ደስታ ብልጭ አለች፤ እሰይ፣ ይቅርባችሁ የምትል ደስታ። ወዲያው አፈረችና በልቧ አማተበች።

ወደ ቡራዩ የሄዱት አዲስ አበባን ቆርጠው በአስኮ በኩል ነው። ከተማው ውስጥ ሰው እንደወትሮው ማኪያቶውን ይጠጣል፤ ቡራዩ ሲደርሱ ግን ሱቁ ግማሹ ዝግ ነው፣ አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ ትቶ ሄዷል፣ ተማሪው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ከገፈርሳ መለስ ብሎ ድንጋይ ተደርድሮ አገኙ። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ወጣቶች መኪናዋን ከበቡ። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ኤሳ ዴምቱ?» አለ፤ የት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው። ከድሩ መሪውን ጨብጦ ደረቀ። ሕዝቅያስ ኦሮምኛ አይችልም። ላሊሴ ትችላለች፤ ግን የላሊሴ ምላስ ቤት ውስጥ ነው የሚረዝመው፣ ከሕዝቅያስ ክንድ ሥር ገብታ ጠፋች። ሸዋነሽ በሩን ከፍታ ወረደች። አካም ጅርቱ ብላ፣ የእናት የአባት ጤና ጠይቃ፣ የማን ልጅ እንደሆነች በአባቷ በአያቷ ተቆጥራ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው አለቻቸው። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ለራሷ ገረማት። አንዱ ልጅ «አያቴ ሰበታ ናቸው፣ አባትሽን ሳያውቁ አይቀሩም» አለና ሁለት ድንጋይ በእግሩ ገፋ አደረገ። አለፉ። ከኋላ ሕዝቅያስ እጇን፣ አዎ እጇን፣ በሁለት እጁ ያዘና «እትዬ ሸዋዬ፣ አንቱ ባይኖሩ ዛሬ አልቆልን ነበር፣ ጌታ ይባርክዎት» አላት። እጁ ሙቅ ነበር፤ ቃሉ ግን ለአያት የሚባል ነው። እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት የቆርቆሮ ምግብ ቤት ገቡ። ጾም ነው፤ ሸዋነሽ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም በአፏ አልዞረም። እነሱ አይጾሙም፤ ግን ለእሷ ሲሉ ሽሮ አዘዙ፣ ይህም ደግነታቸው አናደዳት። ሕዝቅያስ ላሊሴን አጎረሳት፣ ላሊሴ አጎረሰችው፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጉርሻ ጠቅልሎ በሁለተኛ እጁ ክንዱን ደግፎ፣ ለፓስተሩ እንደሚያደርገው፣ ወደ ሸዋነሽ ዘረጋ። ጎረሰች። ምን ታድርግ? በላዩ ውሃ ጠጣችበት።

ሁለተኛው ፏፏቴ ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ በባሕር ዛፉ መሐል አሥር ደቂቃ በእግር ነው። እዚያ ስትደርስ ሸዋነሽ ነገሩን ሁሉ ረሳችው። ውሃው ቀጭን ነው፣ ግን ከጥቁር ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሥሩ ለስላሳ ሣር፣ ከጎኑ አንድ ትልቅ ወይራ፣ ማንም የለም። ፓስተሩ እዚህ ጋ ቢቆም፣ ሰው እዚህ ጋ ቢሆን እያለች ስትለካ ራሷን አየችው፤ ነጭ ለብሳ፣ ከወይራው ሥር፣ ከጎኗ የቆመው ፊቱ የማይታይ ወንድ። ፊቱ የማይታየው እሷ ማየት ስላልፈለገች ነው። «እዚህ ነው» አለች ጮክ ብላ። ሕዝቅያስም «እኔም እዚህ ነው ያልኩት! እትዬ ሸዋዬ ዓይን አላቸው» አለ። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። አንድ አፍታ፣ እንዲያው አንድ አፍታ፣ ሁለቱ ብቻ የተስማሙበት ነገር በዓለም ላይ ተገኘ። ላሊሴ ግን ከንፈሯን ጣለች። ውሃው ቀጭን ነው፣ ለፎቶ አይሆንም፣ ሱሉልታ ያለውን ሳናይ አንወስንም አለች። ሕዝቅያስ ለመናት፤ ሱሉልታ ሩቅ ነው፣ መንገዱም አያስተማምን። «ሱሉልታ» አለች ላሊሴ፣ እንደ ሕፃን። ሸዋነሽ ቢሰጣት በጉልበቷ ተንበርክካ የምትቀበለውን ይቺ ታማርጣለች! ባሉ ተገኘላት፣ ፍቅሩ ተገኘላት፣ አሁን ደግሞ የውሃው ውፍረት! ቀድማ ወደ መኪናው ሄደች።

በአዲሱ ገበያ ወጥተው እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ሲወርዱ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሜዳው ላይ ድርቆሹ ተከምሯል፣ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ከድሩ መኪናዋን መንገድ ዳር አቆመ። ፏፏቴው፣ እውነት ለመናገር፣ ትልቅ ነው። ሁለት እርከን አለው፤ ላይኛው በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ታችኛው ሰፊ ሜዳ ላይ ይወርዳል፣ ድምፁ ሰው አያነጋግርም። ላሊሴ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። ሕዝቅያስ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ተከተላት። ሸዋነሽ ደክሟት ከላይ ቀረች፣ ከቆርቆሮው አጥር አጠገብ ጀሪካንና ጧፍ የምትሸጥ ሴት ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ ጥሩዬ እባላለሁ አለች። ጠበል ልትጠመቂ መጥተሽ ነው ወይ፣ እመቤታችን ባለፈው ዓመት ነው የፈለቀችው፣ ስንቱን ማረች መሰለሽ አለቻት። ከዚያም፣ «ዛሬ ጭር ያለው ረብሻውን ፈርቶ ነው እንጂ ለጥር አስተርእዮ ብትመጪ እግር መጣያ የለም። ከሰበታ ሳይቀር ይመጣሉ። አንዲት ወይዘሮ ደጊቱ የሚባሉ ከነማኅበራቸው ሁለት አውቶቡስ ይዘው እንደሚመጡ ሰው ልከው ቦታ አስይዘዋል» አለች።

ወይዘሮ ደጊቱ እናታቸው ናት። ዘንድሮ ማኅበሩ ለአስተርእዮ ማርያም ሱሉልታ ጠበል እንደሚሄድ ሸዋነሽ ቤት ውስጥ ሰምታለች፤ የትኛው ጠበል እንደሆነ ግን አልጠየቀችም። ላሊሴ ደግሞ ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረች ወዲህ እሷ ስትገባ የማኅበር ወሬ ይቆማል፣ አልሰማችም ማለት ነው። ሕዝቅያስ ጠዋት መኪና ውስጥ «ፈቃድ የሰጡኝ ለጃንዋሪ ሠላሳ ነው» ሲል ነበር። ፋብሪካው የፈረንጅ ነው፣ በፈረንጅ ቀን ይቆጥራል፤ እነሱም ሁለቱ በዚያው ለምደው ቀሩ። ተነስታ መኪናው ጋ ሄደችና ከድሩን፣ «ጃንዋሪ ሠላሳ በእኛ ስንት ይሆናል?» አለችው። እሱ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ አሰበ። «ዘንድሮ ጥምቀት ጃንዋሪ ሃያ ነው። ከዚያ አሥር ቀን ቁጠሪ።» በጣቷ አንጓ ቆጠረች። ጥር አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ጥር ሃያ አንድ ላይ አለቀ። አስተርእዮ ማርያም። ወይ ጉድ! ላይኛው ላይ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ የሰበታ ሰው፣ ታቦቱ፣ እናቷ፤ ታችኛው ላይ የደጊቱ ልጅ በጴንጤ ፓስተር ስትዳር። ከሁለቱ አውቶቡስ አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳ ፓስተሩ አሜን ሳይል ኦቦ ደቻሳ ይሰማል።

ሕዝቅያስ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። «እትዬ ሸዋዬ፣ ላሊሴ እዚህ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። አንቱ ምን ይላሉ? እዚህ ይሁን?» አላት። ፀሐይዋ ግንባሩን ታበራው ነበር፤ ቆንጆ ልጅ ነው፣ አይካድም። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ ቀኑ ማርያም ነው ማለት። ቡራዩ ይሻላል ማለት። ቃሏ እስከ ጥርሷ መጣች። ያን ጊዜ ከታች ላሊሴ እጇን አውለበለበችላት፣ ጠዋት «ዝም ብላ ትከተለናለች» ያለች ላሊሴ። «ይሁን» አለች ሸዋነሽ። «ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?» ጣፈጣት። ኃጢአት ነው፣ ግን ጣፈጣት።

ሲመለሱ የሱሉልታ መውጫ ላይ ፍተሻ ነበር። ፖሊሶች ሁሉንም አስወርደው መታወቂያ እያዩ፣ የሕዝቅያስን ገልብጠው ደጋግመው አይተው፣ አርባ ደቂቃ በብርድ አቆሟቸው። እንደገና ሲገቡ ላሊሴ ሕዝቅያስን ወደ ፊት ሰደደችና ከኋላ ሸዋነሽ አጠገብ ተቀመጠች። ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ሕፃን ሆና እንደምታደርገው። ፀጉሯ ውሃ ውሃ ይሸታል። «ሸዋዬ፣ ከአንቺ የደበቅኩት ነገር ቢኖር ይቅር ትይኛለሽ?» አለቻት። «ምን ደበቅሽ?» «ኋላ እነግርሻለሁ። ብቻ ይቅር እንደምትዪኝ ንገሪኝ።» የሕዝቅያስን ነገር መሰላት፤ ምናልባት ያን አጥሚት ታውቃለች፣ ምናልባት ሁለቱ ሆነው ስቀውበታል። «ተኚ» አለቻት። ተኛች። እስከ አየር ጤና ድረስ ትከሻዋ ላይ ተኛች፣ ሸዋነሽም ትከሻዋን አላንቀሳቀሰችም፤ ውስጧ ግን ስትሟገት ነበር።

ዝም ካለች ጥር ሃያ አንድ ቀን ላሊሴ በሕዝብ ፊት ትዋረዳለች። እሺ፣ ትዋረድ። ግን እናቷስ? በማኅበሩ ፊት፣ ጠበል ልትጠጣ ወጥታ ልጇን እንደዚያ ስታይ ብትወድቅስ? ደሟ ይበዛል፣ ኪኒን ላይ ናት። ስለዚህ ለእናቷ መንገር አለባት። ለእናቷ ስትል ነው። ይህን ሐሳብ ስታገኝ ደረቷ ቀለል አላት። ሰው መቼስ ክፋቱን የደግ ልብስ ካላለበሰው በር አይወጣለትም። ዛሬውኑ ብትነግራት እናት ልጇን ትቆጣለች፣ ሠርጉ ይቀራል፣ ማንም አይዋረድም፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። እንደነበረ! ሁለቱም በቺፑዱ ግራና ቀኝ። ከልቧ የፈለገችው ይህን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ስሙን አልጠራችውም።

ቤት ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። ኦቦ ደቻሳ የለም፤ ስለ ማስተር ፕላኑ ለመነጋገር ገበሬው ተሰብስቦ እዚያ ሄዷል። ላሊሴ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። ወይዘሮ ደጊቱ ሳሎኑ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሸዋነሽ ከፊቷ ተቀመጠች። ነጠላዋን አላወለቀችም፤ ብታወልቅ ሐሳቧ የሚቀየር መሰላት።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትደነግጪ። ላሊሴ ልትኮበልል ነው። ከሕዝቅያስ ጋር። ለአስተርእዮ ማርያም ቀን፣ እናንተ የምትሄዱበት ጠበል፣ ከሥሩ። ቦታውን ዛሬ አሳይተውኝ መጣሁ» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ወይዘሮ ደጊቱ አልደነገጠችም። አንዲት ጠጠር አንስታ ወደ ውጭ ወረወረች። ሌላ አነሳች። ሸዋነሽ ያልሰማቻት መሰላትና ልትደግም አፏን ስትከፍት እናት፣ «ቀኑን የመረጥኩላት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«አባትሽ በዚህ ረብሻ ከደጅ አያስወጣኝም። ለማርያም ብዬ ስወጣ ብቻ የት ሄድሽ አይለኝም። ከላይ ጠበሉ አለ፣ ከታች ሜዳው አለ። ማኅበርተኛው ወረፋ ሲይዝ እኔ እግሬ አመመኝ ብዬ ወደ ታች እወርዳለሁ። ፓስተር ይሁን ቄስ እኔ ምን አገባኝ፤ ልጄ ስትዳር በዓይኔ ማየት አይገባኝም?» ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ቁጣ የለውም። «ቦታውንም ሰው ልኬ ያስያዝኩት ለዚያ ነው። ላሊሴ ሌላውን ሁሉ አይሆንም እንድትል የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ቡራዩ ላይ የተጣለው ከንፈር፣ ውሃው ቀጭን ነው፣ ሱሉልታ እንደ ሕፃን፤ ሁሉም ለሸዋነሽ አንድ በአንድ ተደረደረላት። «ለእኔስ?» አለች። «ለእኔስ ለምን አልተነገረኝም?»

እናት ያን ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ላሊሴማ ሸዋዬ ትወቅ ብላ ተጣላችኝ። እሷ አትናገርም፣ እሷ ሞታ ትገኛለች እንጂ አትናገርብኝም ብላ በማርያም ማለችልኝ፤ ጴንጤዋ ልጅ በማርያም! እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ትናገራለች አልኳት።» ሰፌዱን ቀስ ብላ አነቃነቀችው። «እኔም ለታናሼ ታላቅ ነበርኩ፣ ሸዋ። ከእኔ በፊት ነው የተዳረችው። አውቀዋለሁ።»

ሸዋነሽ መሬቱን አየች። ለእናቴ ብዬ ነው የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ ልታወጣው አልደፈረችም። እንባ ቢመጣላት ይሻል ነበር፤ እሱም አልመጣ አለ። የጓሮው በር ሲንቋቋ ተሰማ፣ የላሊሴ ነጠላ ጫማ። ወይዘሮ ደጊቱ ጎንበስ ብላ ፈጠን ባለ ድምፅ፣ «ስሚኝ። አልነገርሽኝም። እኔ ነኝ ያወጣጣሁሽ፣ አንቺ ትንፍሽ አላልሽም። ዝም በይ ብቻ» አለቻት።

ላሊሴ ፊቷ ረጥቦ ገባች። ሁለቱን ተራ በተራ አየች። «እህትሽን ሞከርኳት» አለች እናት፣ ምስሩን እየለቀመች። «የት ዋላችሁ ብዬ ቁም ስቅሏን አሳየኋት። ትንፍሽ አላለችም። በመጨረሻ እኔው ነገርኳት።»

«አላልኩሽም!» ላሊሴ ጮኸችና ሸዋነሽ ላይ ወደቀች፤ ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ አንገቷን ሳመቻት። «አላልኩሽም እማዬ? እኔ እኮ ሸዋዬን አውቃታለሁ! አንቺ ነሽ የማታውቂያት!» ስታለቅስም ስትስቅም ነበር፤ ውሃው ከፊቷ ወደ ሸዋነሽ ፊት ይንጠባጠባል። «ቀኑን ሙሉ እንዴት ጨንቆኝ ነበር መሰለሽ፣ ከአንቺ ደብቄ! ይቅር በይኝ። ይቅር አልሽኝ?»

«አልኩሽ» አለች ሸዋነሽ።

ላሊሴ ከፊቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘች። «እንግዲህ ተለማመጂ። ፓስተሩ፣ ይህችን ልጅ የሚሰጣት ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። በአባዬ ቦታ አንቺ ነሽ። እኔ ትያለሽ፣ ሌላ ምንም የለም። እስቲ በይ።»

«ተይ አሁን።»

«በይ እንጂ! ይህችን ልጅ የሚሰጣት ማን ነው?»

«እኔ» አለች ሸዋነሽ።

«ጮክ ብለሽ! ፏፏቴው እኮ ይጮኻል፣ ማን ይሰማሻል?»

ሸዋነሽ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «እኔ» አለች እንደገና። ወይዘሮ ደጊቱ ከሰፌዷ ቀና አላለችም።